ትልቋ እያለች ትንሿን?

ወሬውን ያቀበለችኝ ባለሱቋ ዘይነባ ናት። «ከዲጋ የመጣ ጎረምሳ ኦቦ ገመዳ ቤት ገብቶ ‹የትኛዋ ትሻላለች› እየተባባሉ ነው» አለችኝ። ኦቦ ገመዳ ደግሞ ያላገቡ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ወዲያው አጥራቸው ሥር ተለጠፍኩ።

«ትንሿ ትሻላለች» ይላል ጎረምሳው። «ትልቋ ወጪዋ ብዙ ነው፤ ደግሞም ትከብዳለች።»

«ትልቋ እያለች ትንሿን?» አሉ ኦቦ ገመዳ።

አላስቻለኝም፤ ሮጬ ለትልቋ ለሌንሴ ነገርኳት። እሷም እየተንደረደረች ገባች።

«ያ ጉርባ! አንተ ልጅ! እኔ ነኝ የምከብደው? እስቲ አንሳኝና እይ!»

ጎረምሳው ደንግጦ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት የሶላር ባትሪዎች አሳያት። «እህቴ፣ ለአራት አምፖልና ለአንድ ቴሌቪዥን ትንሿ ባትሪ ትበቃለች ነው ያልኩት!»

ኦቦ ገመዳ ትንሿን ገዙ። ጎረምሳው ትልቋን አገባ።