«ከሰሊጥ በኋላ» ያሉኝ ቀን

ጋሽ ታደለ ሞቱ ይሉኛል። የቱ ታደለ? ብዬ ሦስቴ ጠየቅሁ።

የደወሉልኝ ባለቤታቸው እትዬ ይርገዱ ናቸው፣ ዛሬ ጠዋት፣ ከጎንደር። እሳቸው እያለቀሱ እኔ «ኧረ ተሳስተው ይሆናል» እላቸዋለሁ። ሚስት በባሏ ሞት ትሳሳታለች? 

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ታደለ የትራክተር ኦፕሬተር ነበሩ። ኮኪት ዙሪያ ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርት ሁሉ ያውቃቸዋል። ትራክተር ሲሰበር ነገ መካኒክ ይመጣል ብለው የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም፤ እዚያው ማሳው ላይ ግራሶ በግራሶ ሆነው ይፈቱታል።

እኛ አገር ደግሞ ሁሉ ነገር «ከሰሊጥ በኋላ» ነው። ሠርጉ ከሰሊጥ በኋላ፣ ጣሪያው ከሰሊጥ በኋላ፣ እርቁ እንኳ ከሰሊጥ በኋላ። ጋሽ ታደለ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላ ነበር። «ከሰሊጥ በኋላ ማሽላ ነው ያለው! ተነሽ!» ይሉኛል።

ተነሽ የሚሉኝ ወድደው አይደለም። በፋርማሲ ዲፕሎማ ይዤ ሁለት ዓመት ቤት ተጎልቻለሁ። መድኃኒት ቤት እከፍታለሁ ብዬ ላገር ለምድሩ አውርቼ፣ ወረቀቶቼ በፌስታል ተቋጥረው አልጋ ሥር ናቸው። አንድ የነሐሴ ጠዋት፣ ጭቃው ባጃጅ አላስገባ ባለበት ጊዜ፣ ጋሽ ታደለ ትራክተራቸውን ደጃችን አቆሙ። ሞተሩን እንኳ አላጠፉም።

«ፌስታልሽን ይዘሽ ውጪ!»

«ጋሼ፣ ዝናቡ ያባራና…»

«ዝናቡ ሲያባራ ሰሊጥ ይደርሳል። ያኔ የምትይውን አውቀዋለሁ፣ ውጪ!»

እስከ አስፋልቱ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ሸሕዲ ከተማ ድረስ በትራክተር ይዘውኝ ሄዱ! መንገደኛው ሁሉ ይስቅብኛል። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ስገባ ጸሐፊዋ ደንግጣ ብድግ አለች። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው «ማመልከቻዋን ሳታስገባ አትወጣም» አሉ። አስገባሁ። በዚያው ዓመት ፈቃዴ ወጣ፣ መድኃኒት ቤቴም ተከፈተ።

በዚያችው መድኃኒት ቤት ነው እኔ ጉድ የሠራኋቸው።

በዘንድሮው አጨዳ ትኩሳት ያዛቸው። «ወባ ናት፣ የለመድኩትን ኪኒን ስጪኝ» አሉ፤ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ተመለሱ፤ አሁንም ሰጠኋቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሯል፣ ሱሪያቸው ከወገባቸው ይወርዳል፣ ሆዳቸው ግን በግራ በኩል ተነፍቷል። ተምሬዋለሁ እኮ! ወባ ብቻ እንዳልሆነ አውቄያለሁ።

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ ሸሕዲ ሄደው ይመርመሩ» ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ከሰሊጥ በኋላ።»

ሳቅሁ። ጥርሴ ይርገፍ፣ ሳቅሁ። «እርስዎም ጀመሩት?» አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። «አሠሪዬ ሰሊጡ ተጭኖ ሳያልቅ ትራክተሩን አትልቀቅ ብሎኛል» አሉ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ራሴ እወስድዎታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ።

ቅዳሜ ሲደርስ የቀን ሠራተኛ የጫነ አይሱዙ ተከታትሎ ገባ። ሱቁ ጢም አለ። ይህን ገበያ ትቼ የት እሄዳለሁ አልኩና ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ለሚመጣው ቅዳሜ ብናደርገውስ?»

«እሺ ልጄ» አሉኝ።

በዚያ ዝናብ ከቤቴ ጎትተው ያወጡኝ ሰውዬ እሺ አሉኝ! ያኔ መደንገጥ ነበረብኝ። እኔ እቴ፣ እፎይ ብዬ ወደ ገበያዬ ዞርኩ።

ረቡዕ ዕለት ነስሯቸው አልቆም ሲል ሰዎች ተሸክመው መኪና ላይ ጫኗቸው። ጎንደር ሲደርሱ ካላዛር ነው ተባለ። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። እትዬ ይርገዱ ይህን አያውቁም። እኔ ነኝ የማውቀው።

አሠሪያቸው ፎቷቸውን ለጥፎ «ታታሪ ወንድማችንን አጣን» ብሏል። ታታሪ! ሰሊጥህስ ተጭኖ አለቀልህ? «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብዬ ልጽፍለት ጀምሬ አጠፋሁት። እኔስ ከሱ በምን እሻላለሁ?

እናንተም «ነፍስ ይማር» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ስሙኝ። ትኩሳት አልለቅ ያለው ሰው አጠገባችሁ ካለ ዛሬውኑ አስመርምሩት። እኔ ዘንድ ያለ ምርመራ ኪኒን ፍለጋ እንዳትመጡ፣ አልሸጥም። ብትቆጡም ተቆጡ።

ጋሼ፣ ዛሬ የቀጠርኩዎት ቅዳሜ ነው። ሱቁን ዘግቻለሁ። በሩን የሚያንኳኩ አሉ፣ አልከፍትም። አስከሬንዎን የያዘው መኪና ከጎንደር ተነስቷል አሉኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ አስፋልቱ ዳር ልጠብቅዎት ልወጣ ነው።

ደህና ይሁኑ ጋሼ። አፈሩ ይቅለልዎት። ያን ቀን አንድ ጊዜ ቢቆጡኝ ኖሮ እኮ ሁሉንም ትቼ እመጣ ነበር። ምነው እሺ አሉኝ?