አባዬ የጠበቀው መድኃኒት

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሸዋ ሮቢት ስመለስ አባዬ ሽንት እያስቸገረው ነበር። ለወራት ደብቆናል። የማሾ ማሳውን ሲያርም በየደቂቃው ከማንጎው ዛፍ ጀርባ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ወንድ ለሚስቱም አያወራም። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ስለነበር ገባኝ። ጨቅጭቄ አዲስ አበባ ወሰድኩት።

ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት አይቶ ነገሩን አላንዛዛም። «ጋሼ፣ ካንሰሩን የሚቀልበው የወንድ ሆርሞን ነው። ሁለቱን የዘር ፍሬዎች ብናወጣልዎት ይዳከማል። ቀላል ኦፕራሲዮን ነው።»

«እንደ ወይፈን ልትቀጠቅጠኝ?» አለው አባዬ።

ሐኪሙ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አባዬ ተነስቶ ወጣ።

አውቶቡሱ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲጀምር ወደ እሱ ዞርኩ። «አባዬ፣ ሌላም መድኃኒት እየተሠራ ነው እኮ» አልኩት። «ሰውነታችን ውስጥ በሽታ የሚዋጉ ወታደሮች አሉ። ካንሰሩ ግን ከራስህ ሥጋ ስለወጣ ዘመድ ይመስላቸዋል፣ ያልፉታል። አሁን ሳይንቲስቶች፣ የካንሰሩን ምልክት ለይተው እሱን ብቻ እንዲገድሉ ሊያስተምሯቸው ነው።»

«ሳይቆርጡ?»

«ሳይቆርጡ።»

«አንቺም ትሠሪዋለሽ?»

አይ ማለት ነበረብኝ። «እኔና እኔን የመሰሉ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

በቃ። ከዚያ በኋላ ኦፕራሲዮን የሚባል ነገር አልሰማ አለ። ጎረቤት ሲጠይቀው «ልጄ እየሠራችልኝ ነው» ይላል።

አንድ ቀን ጮህኩበት። «ገና አይጥ ላይ ነው የሚሞከረው! ዓመታት ይፈጃል! ሂድና ተቆረጥ!»

«ምን ያስቸኩልሻል? ደህና ነገር ጊዜ ይፈልጋል» አለኝ።

በዓመቱ ከአልጋ ሊወርድ ሲል እግሮቹ እምቢ አሉት። ካንሰሩ አከርካሪው ውስጥ ገብቷል። ያን ጊዜ «ይቁረጡኝ» አለ፤ ተቆረጠም። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ሊሞት ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን ሊጠይቁት መጡ። እኔን ገላመጡኝና «ምነው፣ ያ የልጅዎ መድኃኒት የት ደረሰ?» አሉት።

«ተዪያት እባክሽ» አለ አባዬ። «እሷስ ታደርሰው ነበር። እኔ ነኝ የቀደምኳት።»

ምን እየሠራሁ ነው የማደርሰው? ከተመረቅኩ ወዲህ የላቦራቶሪ ደጃፍ አልረገጥኩም። ያኔ ሥራ ላጣ ተመራቂ ሁሉ የሚሰጠው ምክር ተደራጅታችሁ ኮብልስቶን ጥረቡ የሚል ነበር፤ እኔም ተመዝግቤ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። አባዬ ያንን ያውቃል። የምዝገባ ቅጹን ስሞላ አጠገቤ ነበር የተኛው።