የጤነኛው ሰው ደም

ጉንቮር ማልሞ ከተማ ባለ ቤተ ሙከራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ የደም ሥር ሲቆጣ የሚበዛውንና ግድግዳውን የሚበላውን ኢንዛይም ከልብ ሕሙማን ደም ስትለካ ኖረች። ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሰው ደም ሲጎድል፣ እንደ ባልደረቦቿ ሁሉ ከቤተሰብ መቅዳት ልማዷ ነበር። አንድ ጊዜ የባሏ የሲክስተን ተራ ደረሰ።

"ጤነኛ ጠፍቶ ነው እኔን የምትወጊኝ?" አላት እየሳቀ።

"ክንድህን ስጠኝ ባክህ! ካንተ ወዲያ ጤነኛ ላሳር ነው።"

የሲክስተን ውጤት ግን ከሕሙማኑም በለጠ። ጉንቮር የጤነኞቹን ስሌት ስላበላሸባት ተናዳ፣ "መሣሪያው ተሳስቷል" ብላ ቁጥሩን ሰረዘችው። ለእሱም ትንፍሽ አላለችም።

በዓመቱ የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ ሞተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከቀብር መልስ የተረፈውን ደሙን ከማቀዝቀዣ አውጥታ ዳግም ለካችው።

ቁጥሩ ያው ነበር።