ከጉድጓድ የወጣው የኒካህ መዝገብ

የቀበሌው ቁምሳጥን ሲከፈት የሻገተ ወረቀት ሸተተኝና ልጅነቴ መጣብኝ።

ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲቃረብ የሰፈራችን ሸህ የኒካህ መዝገባቸውን የእህል ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። ሰላም ሲሆን አባቴ ሞቶ ነበር፤ እናቴ መሬቱን በስሟ ለማዞር የጋብቻ ወረቀት ተጠየቀች። ሸሁ መዝገቡን ከጉድጓዱ አውጥተው የረጠቡትን ገጾች በምላጭ ሲያላቅቁ ስሞቹ አብረው ተላጡ።

«ሸህዬ፣ የኛን ብቻ!» አለች እናቴ።

«አይ ልጄ፣ ያገሩ ኒካህ ሁሉ ፈረሰ» ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ያሰርኩልሽ እኔ ነኝ፤ ወላሂ እመሰክራለሁ።»

«ቀበሌዎቹ ወረቀት እንጂ ሰው አንሰማም ብለውኛል።»

እኔ እናትና አባቴ የተፋቱ መስሎኝ አለቀስኩ።

ዛሬም ለዚያው መሬት ያንኑ ማስረጃ ፍለጋ ቀበሌ ቆሜያለሁ። ጸሐፊዋ «አሠራሩ ተሻሽሏል፤ ኒካሁን ያሰሩት ሰው መጥተው ቢመሰክሩ ይበቃል» አለችኝ።

ሸሁ አምና ሞተዋል።