ፌርፋክስ ላይ የዋለው ችሎት

ለአንድ ከሰዓት እቴጌ ሆኜ አውቃለሁ። የሚያምነኝ ቢጠፋም ምስክሮቼ ብዙ ናቸው።

በፈረንጆች 2010ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ጎዳና ላይ፣ ምግብ ቤት አስተናግድ ነበር። ለሴቶች ወር የሰፈራችን ሴቶች ተሰብስበው፣ በታሪክ ስማቸው ስለገነነ ሴቶች ትያትር ይታይ አሉ። አዘጋጁ አገር ቤት ትያትር ሲያስተምር የኖረ፣ እዚህ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። ገና ሲያየኝ፣ «ትእዛዝ ስትጠሪ ኩሽናው ቀጥ ይላል፤ እቴጌዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። እኔም አልተግደረደርኩም። ከኔ የተሻለ እንደማያገኝ አውቅ ነበር።

የደረሰኝ የጎንደሯ እቴጌ ታሪክ ነው፤ ንጉሡ ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸው ገና ሕፃን ስለነበር ዘውድ ጭነው አብረውት አገር የገዙት፣ ግንብ ያሠሩት። ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ እሳቸው የተማርኩት ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። አውቶቡስ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳጠና ግን ወደድኳቸው። ሕፃን ታቅፈው፣ ጢማም መኳንንት ፊት ቁጭ ብለው ሲፈርዱ ይታየኝ ጀመር። ከአጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ቦታ ይቀይር ነበር።

ቀኑ ደረሰ፤ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ካባው ከሙሽራ የተዋስነው፣ ዘውዱ ከኬክ ካርቶን የተሠራ ነው። ዙፋኔ ላይ ሆኜ፣ «የተበደለ ካለ ይቅረብ!» ስል፣ ገበሬ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ሊወጣ ነው ልምምዳችን።

ገበሬው ሳይወጣ ከፊተኛው ወንበር «አቤት!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሁላችንም እትዬ ብቻ እያልን የምንጠራቸው፣ ዌስት አዳምስ ሰፈር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ። «አቤት እቴጌ! ተበድያለሁ፣ ይፍረዱልኝ!»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። በንጉሥ ዘመን ያደጉ ሴት ናቸው፤ አቤት ከተባለ ዳኛ መስማት አለበት ብለው ያምናሉ።

«በዳይሽ ማነው?» አልኩ። እትዬን «አንቺ» ስል ምላሴ ሊታሰር ምንም አልቀረውም። በሌላ ቀን ምግብ ሳቀርብላቸው እንኳ ጎንበስ ብዬ ነው።

«ልጄ ነው። ጓደኛዬ ዌስትውድ፣ አዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ተኝታለች። የስደቱን በረሃ አብረን ነው ያለፍነው። አሁን የማያት ልጄ ኦፍ የሆነ እሑድ ብቻ ነው። እየደከመች ነው፤ ሳላያት ብትሞትስ? ላይሰንስ ላውጣ፣ ራሴ ድራይቭ አድርጌ ልሂድ ስለው፣ ኖ አለኝ። እርስዎ በልጅዎ ዘመን አገር ገዝተዋል፤ እኔ መሪ እንዳልነካ ተከለከልኩ።»

ሳቁ ቆመ። አዘጋጁ ከመጋረጃ ጀርባ፣ «ዝለያት፣ ቀጥይ!» እያለ ያንሾካሹካል። ደሜ ፈላ። ስለ ታላቅ ሴት ያን ሁሉ ገጽ ጽፎ ሲያበቃ፣ አንዲት ሴት አቤት ስትል ዝለያት ይላል!

«ተከሳሹ ይቅረብ!» አልኩ።

ልጃቸው ሚራክል ማይል ሰፈር፣ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ፊቱ ቀልቶ ተነሣ፤ እጁን ግን እንደ ወጉ አጣምሮ ቆመ።

«እቴጌ፣ እኔ በየቀኑ የተገጨ መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ሶ፣ እሷን ፍሪዌይ ላይ ሳስባት እንቅልፍ አይወስደኝም። ከሷ ሌላ ማንም የለኝም።»

አንጀቴን በላው። ለሁለቱም አዘንኩ፤ ግን ዳኛ አዝኖ ዝም አይልም። ድምፄን ከሆዴ አወጣሁት።

«ሰምተናል። ሥጋትህ እውነት ነው፤ ስለዚህ ሌላ ሰው አያስተምራት፣ አንተው አስተምራት። ፍሪዌይ አትግባ፣ በውስጥ መንገድ ትሂድ። መሪውን ግን ትይዛለች። ብለናል!»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ልጃቸው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። የገበሬው አቤቱታ በዚያው ቀረ፤ አዘጋጁም እስከ ፋሲካ አኩርፎኝ ከረመ።

ጨዋታ መስሏቸው የረሱት ብዙ ናቸው። ልጃቸው ግን አልረሳም። እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ያስተምራቸው ጀመር። ምግብ ቤት ብቅ እያለ፣ «በፈረድሽው ፍርድ ፀጉሬ ሸበተ» ይለኛል። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቁ፤ ከእግረኛ እኩል ነበር የነዱት። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ እሱ ከእሳቸው ብሶ ተናደደ፤ ወዲያው ሌላ ቀጠሮ አስያዘላቸው። በሁለተኛው አለፉ።

አንድ ቀን ከሰዓት ምግብ ቤታችን በር ላይ የመኪና ጡሩምባ አላቋርጥ አለ። ብወጣ እትዬ ናቸው፤ አንዱ ጎማቸው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቷል።

«ሽርጥሽን ፍቺና ግቢ» አሉኝ።

አለቃዬን አስፈቅጄ ገባሁ። በየመብራቱ ከኋላችን ያለው ሁሉ ሲጮኽብን፣ «ማን ያዛቸው? አልፈው አይሄዱም?» ይላሉ። እኔ የበሩን እጀታ ጨምድጄ ይዤ ነበር፤ ልጃቸው የሸበተው ወዶ እንዳልሆነ ገባኝ።

ዌስትውድ፣ መጦሪያው ስንደርስ ጓደኛቸው መስኮት ሥር ተኝተዋል። ከስተዋል። ቁልፉ በእትዬ እጅ ሲንቀጫቀጭ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?»

«ማክሰኞ ነው። ነድቼ መጣሁ። ይቺ ናት እቴጌዋ።»

ጓደኛቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። የለበስኩት ሽሮ የነካው ቲሸርት ነው።

«ምን የሠራችው እቴጌ ናት?»

ዘውዱን፣ ግንቡን፣ የሕፃኑን ንጉሥ ታሪክ ላወራላቸው አፌን ከፈትኩ። እትዬ ቀደሙኝ።

«አንቺ ጋ አደረሰችኝ» አሉ።