የኮሶዬ ጉምና የአያ ዕንባቆም ግዝት

የአገር አቀፉ የእግር ኳስ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ መቅረቱን የማይቀበል አንድ ሰው ጎንደር ውስጥ አለ። አያ ዕንባቆም ይባላሉ፤ አዘዞ መንገድ ዳር ጎሚስታ ናቸው። ዋንጫውንማ እነዚያ ክራባታም አዘጋጆች ሳያፍሩ ነው የቀበሩት። ሲጀመር ከበሮ አስመቱበት፣ ንግግር አሰሙበት። ሲቀር ግን «ቀርቷል» የሚል አንድ ሰው እንኳ አልመደቡለትም። ውሻ ሲሞት እንኳ የሚጎትተው አይጠፋም!

አያ ዕንባቆም ያኔ የጋራዥ ሠራተኞች ቡድን በረኛ ነበሩ። ከደባርቅ ቡድን ጋር በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ደጋ፣ ኮሶዬ ላይ ገጥመው፣ ጎል ሳይገባ ጉም ወረደና ኳሱም ዳኛውም ጠፉ። ይደገማል ተባለ። በረኛችን ወኔያቸው ገንፍሎ፣ ዋንጫውን እስኪበሉ ወይም እስኪሸነፉ ጠላ ላይቀምሱ በቁስቋም ማርያም ተገዘቱ። ጨዋታው ሳይደገም ዋንጫው ቀረ። ሰውዬው ሸበቱ፤ ጠላ ግን አልቀመሱም።

ዘንድሮ ልጃቸው ሥርጉት ልታገባ ሆነ። በኛ አገር ደጋሹ ያልቀመሰውን ጠላ እንግዳ አይጠጣም።

«አባዬ፣ አማቶቼ ምን ይሉኛል? አንድ ጊዜ ጎንጨት በልልኝ» አለቻቸው።

ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ መዝሙር ሄዱ።

«ግዝቴን ይፍቱልኝ፣ አባ።»

«ተሸነፋችሁ?»

«ኧረ የት!»

«ዋንጫውን በላችሁ?»

«እሱም የለ።»

«ታዲያ ምኑን ልፍታው? ሂድና ጨርሰው!»

አያ ዕንባቆም ደባርቅ ወጥተው የያኔውን አጥቂ ማንያዘዋልን አገኙት፤ አሁን በቅሎ አከራይ ነው።

«አንት ዕንባቆም! ምነው ጠፋህ? እኔ'ኮ በፎርፌ ያለፍኩ መስሎኝ ነበር!» ብሎ ሳቀ።

እዚያው ኮሶዬ ላይ በአንዲት ፍጹም ቅጣት ምት ሊለዩ ተስማሙ። በረኛው መገተር ብቻ ነው፤ ኳሷ ትገባለች፣ ይሸነፋሉ፣ ጠላቸውን ይጠጣሉ። የበር መቃን እንኳ የማያቅተው ሥራ! እኔም ከሥርጉትና ከቄስ መዝሙር ጋር ኮሶዬ ድረስ ወጣሁ። ወዶ የሚሸነፍ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ለማየት ጓጉቼ ነበር።

«በግራህ ነው የምልካት» አለ ማንያዘዋል። «እንዳትነካት! ሠርጉን አስብ።»

መታ። ኳሷ በግራ በኩል፣ እንደ ጠገበች ላም ቀስ ብላ መጣች። አያ ዕንባቆም ቆመው አዩዋት፣ አዩዋት፣ ከዚያ ያ ሁሉ ሽበት አየር ላይ ተወረወረ። መሬት ላይ ተዘርረው ኳሷን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«ምነው አባዬ!» ሥርጉት ጮኸች።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ! መጣች፣ ያዝኳት።»

ቄስ መዝሙር ጺማቸውን ዳበሱ። «እንግዲህ አለፋችሁ። ቀጣዩ ተጋጣሚ ማን ነው?»

ማን ይመልስ? ክራባታሞቹ እዚያ የሉ፣ ግዝቱም አልተፈታ።

የሠርጉ ዕለት አማቶቹ ጣሳ ጣሳቸውን ይዘው አፈጠጡ። ጠላውን ቀድማ የቀመሰችው ሙሽራዋ ራሷ ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

«አባቷሳ?» አሉ።

«አባቴ ገና አልተሸነፈም» አለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

አማቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ጠጡ። ተሸናፊው ማንያዘዋልማ የበረኛውንም ድርሻ ጨምሮ ጠጣ።