የማርትሬዛው ውሃ

መሠረት ስትቆጣ ቀጨኔ ይሰማል ይላሉ ጎረቤቶቿ። እሷም አልካደችም። ሽሮ ሜዳ አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ የነጠላ ጫፍ ስትቋጭ ትውላለች፤ ነጋዴ «ቀለሙ አይለቅም» ብሎ ሲምል ከሰማች ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሳታሽ አታልፍም። ጨርቁ ከቀላ ሰውየው የሚገባበት ይጠፋዋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ያስተማሯት እናቷ እማማ ሾዴ ናቸው። ለገዛ ልጃቸው ጊዜ ግን መጠርጠሩን ተዉት።

ልጁ ቶለሳ ይባላል፤ የመሠረት ታናሽ ነው። አዲሱ ገበያ መንገድ ዳር ተቀምጦ የስልክ ቻርጀር ይጠግናል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቪዲዮ ያያል። አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ሁለት የብር ዘንግ ውሃ ውስጥ ሰቅሎ ኤሌክትሪክ ሲለቅበት፣ ውሃውም ወርቅማ ሲሆን አየ። ይህ ውሃ ቁስል ያደርቃል፣ ስኳር ያወርዳል፣ የማያድነው የለም ተባለ። ስኳር ሲባል ቶለሳ እናቱን አሰበ። እማማ ሾዴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ላይ የወጣው ቁስል አልደርቅ ብሎ ጤና ጣቢያ እየተመላለሱ ያሳጥቡት ነበር።

የብር ዘንግ ከየት ይምጣ? እማማ ሾዴ ከእንጦጦ ጀርባ ሲዳሩ አንገታቸው ላይ ያጠለቋቸው ሁለት ማርትሬዛዎች፣ የድሮ የብር ገንዘቦች፣ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ቶለሳ እነሱን በሽቦ አንጠለጠለ። ቪዲዮው የተጣራ ውሃ ይላል፤ ለቶለሳ ደግሞ ከጠበል የጠራ ውሃ የለም። እናቱ ያስመጡትን ጠበል ብርጭቆ ውስጥ ቀድቶ የቻርጀሩን ሽቦ አገናኘ። ውሃው ወርቅማ አልሆነም። ከአንዱ ማርትሬዛ ሥር ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ወረደና ብርጭቆው ደፈረሰ፤ ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጠው ደግሞ ወደ ሐምራዊ ዞረ። ደህና ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ «ምን አበላሸሁ?» ይላል። ቶለሳ «ፈረንጆቹም ያላገኙትን አገኘሁ!» አለ።

ወሬው ዳገት ቁልቁለቱን በአንድ ጀምበር አዳረሰው። ጎረቤቱ ባዶ ሃይላንድ እየያዘ ግቢውን ሞላው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጋሽ ደበላ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው «ተፈታልኝ» አሉ፤ ይህን ሲሉም ግድግዳ ተደግፈው ነበር። ግድግዳውን ያየ ሰው አልነበረም።

መሠረት መጀመሪያ ላይ ናቀችው። ደሟ የፈላው ባለ ሱቋ ጎረቤት «መድኃኒታችሁን አትወስዱም እንዴ? ፍሪጄን ያዘብኝ እኮ» ያለቻት ቀን ነው። የእናቷ ኢንሱሊን እዚያ ነው የሚቀመጠው። ሄዳ ብታየው ማንም አልነካውም። እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ቤት ገባች።

«አንተ! ጠበሉን ለጠበልነቱ ተወው! ቄሱ እንኳ ጠበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒታችሁንም ውሰዱ ነው የሚሉት። አንተ ከቄሱ በለጥክ?»

«አልገባሽም እንጂ፣ እ... ማለቴ፣ ደመናውን አላየሽም? ማንም ጋ እንዲህ አልሆነም እኮ። በቃ፣ ይሄ ተአምር ነው።»

«ማንም ጋ ያልሆነ አንተ ጋ ለምን ሆነ? እሱን ጠይቀሃል?»

አልጠየቀም። መጠየቅም አልፈለገም። እናቱም ሆኑ ልጁ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ፤ የጠዋቱ ብርጭቆ አልቀረም፣ መርፌውም ከፍሪጅ አልወጣም።

እሑድ ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ ግቢው ሲሞላ መሠረት ባዶ ብርጭቆ ይዛ ወጣች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለችና ሁሉም እያያት ከግቢው ቧንቧ ቀዳች። ሽቦውን ራሷ አልነካችም፤ በኋላ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው እንዳይላት ብላ ነው። ቶለሳ እየተነጫነጨ ማርትሬዛዎቹን ነከራቸው። ትንሽ ቆይቶ ያው ነጭ ጭስ ወረደ። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ያው ሐምራዊ መጣ።

«ይኸው! የቧንቧ ውሃ!» አለች መሠረት። «ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም። የማታውቀውን ነው እናትህን የምታጠጣት!»

ቶለሳ ብርጭቆውን ከጠበሉ ብርጭቆ ጋር እያስተያየ ፊቱ አመድ መሰለ። መሠረት አለቀ፣ ገባቸው አለች። ያኔ ጋሽ ደበላ በከዘራቸው መሬት መቱና «እንግዲያስ የግቢያችንም ቧንቧ ተባርኳላ!» አሉ። አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ሃይላንዷን ይዛ ወደ ቧንቧው ሮጠች።

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! መሠረት ሁለቱንም ብርጭቆ በእግሯ ደፋቻቸው። የሰደበችውን ስድብ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ ጋሽ ደበላንም አልማረችም፣ የማይገባ ነገር ነበር፣ ግን ልክ ነበረች። እየጮኸች እናቷ ወደ ተኙበት ክፍል ገባችና ጋቢውን ከእግራቸው ላይ ገለጠችው።

ሽታው ቀድሞ ደረሳት። ጥቁረቱ አውራ ጣቱን አልፎ ወደ እግራቸው ጀርባ ወጥቷል።

«እማዬ! ይሄን እያየሽ ነው ያንን ውሃ የምትጠጪው?»

እማማ ሾዴ ጋቢውን መልሰው ሊጎትቱ ሞከሩ። «ባለፈው ጤና ጣቢያ ስሄድ፣ ሆስፒታል እንጻፍልዎት፣ ጣቱ መቆረጡ አይቀርም አሉኝ። ለማናችሁም አልነገርኩም» አሉ። «ውሃው እንደማያድነኝ ጠፍቶኝ ነው ልጄ? ውሃው ግን አይቆርጥም።»

ቶለሳ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። መሠረት ያን ሁሉ ቀን ወንድሟ ላይ ስትጮህ እናቷ ምን እንደፈሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም። ዘወር ብላ «ምን ትገተራለህ? እዘላት!» ብላ ቶለሳ ላይ ጮኸች።

ቶለሳ ጎንበስ ብሎ እናቱን አዘለ። ቁልቁለቱን ወደ ታክሲው ሲወርዱ መሠረት ከኋላ እግራቸው ግንብ እንዳይነካ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች። ሰው መንገድ እየለቀቀ ያያቸዋል። ግማሽ መንገድ ላይ እማማ ሾዴ አንገታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«መሲ፣ ጣቴን ብቻ ነው አይደል የሚቆርጡት?»

መሠረት እጇ ላይ ያለውን እግር አየች። እውነቱን ተናገሩ እያለች ስትጮህ የሰነበተች ሴት፣ አፏን ከፍታ ዘጋችው።